ቪትዝ ቆሞ ሲንቀጠቀጥ፦ ዕቃ ከመግዛት በፊት ችግሩን ማግኘት

እናቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። መገናኛ፣ መብራት ይዞን ቆመናል። መሪው ይርገበገባል። መስታወቱ ላይ ያንጠለጠልኩት መስቀል ይወዛወዛል። የበሩ ፕላስቲክ ይንጫጫል። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «ልጄ፣ መኪናህን ብርድ ብርድ ይለዋል እንዴ?» አለችኝ።

ለዚያ «ብርድ» አራት አዲስ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ገዛሁ። አልተሻለውም። ለካንዴላው ኃይል ከሚሰጡት ኮይሎች አንዱን አስቀየርኩ። አሁንም ያው። «የነዳጅ ፓምፕ ነው» ተባልኩና ለእሱም ቀጠሮ ያዝኩ። በመጨረሻ የተገኘው ምን መሰላችሁ? ከሁለት ሳምንት በፊት ሰርቪስ ያደረገልኝ ጋራዥ አየር ማጣሪያ ሲቀይር ነቅሎ ያልመለሳት አንዲት የጎማ ቱቦ። ውፍረቷ ጣት አይሞላም። መልሶ ለመሰካት አስር ሰከንድ አልፈጀም። ያወጣሁትን ብር አልነግራችሁም፤ ባለቤቴም ይህን ታነበዋለች።

መካኒክ አይደለሁም። በራሴ ኪሳራ የተማርኩ ባለመኪና ነኝ። ከዚያ ወዲህ በጎረቤትም በዘመድም መኪና ኮፈን ሥር ብዙ አጎንብሻለሁ። ከታች የምታገኙት ቅደም ተከተል ከነጻው ፍተሻ ወደ ውዱ ይሄዳል። ምሳሌዬ ትንሿ ቶዮታ፣ ቪትዝ ናት፤ ያሪስም ሆነ ኮሮላ ወይም ሌላ ትንሽ የቤንዚን መኪና ለያዘ ግን ዘዴው ያው ነው።

ጤነኛው ምን ይመስላል?

ነዳጅ መስጫውን ሳትረግጡ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር አለ። ጋራዥ ውስጥ ሚኒሞ ይሉታል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ በደቂቃ ከ600 እስከ 750 ዙር አካባቢ ነው። ኤሲ ሲበራ ትንሽ ከፍ ይላል። ጠዋት ገና ሲነሳ ከ1,000 በላይ ቢዞር አትደንግጡ፤ እየሞቀ ሲሄድ ይወርዳል። ብዙ ቪትዝ ላይ የዙር መቁጠሪያ ስለሌለ ጆሯችሁን ማስለመድ አለባችሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያልፋት ጥያቄ፦ ሞተራችሁ ስንት ሲሊንደር (ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ክፍል) አለው? እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የመጀመሪያው ቪትዝ ባለ 1,000 ሲሲው ሞተር አራት ሲሊንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በመጣው በሁለተኛው ትውልድ ባለ 1,000 ሲሲው ላይ ግን 1ኬአር የሚባል ባለ ሦስት ሲሊንደር ሞተር ገባ። ኮፈን ከፍታችሁ የመኪናውን ሞዴል የሚገልጸውን ትንሽ ሰሌዳ እዩ። ሞዴሉ በኬኤስፒ (KSP) ከጀመረ ሦስት ነው። በኤስሲፒ (SCP) ወይም በኤንሲፒ (NCP) ከጀመረ አራት ነው። ሰሌዳውን ካጣችሁት ኮይሎቹን ቁጠሩ።

ለምን ይጠቅማል? ባለ ሦስቱ በተፈጥሮው ይንዘፈዘፋል። ምንም ያልጎደለው እንኳ መብራት ላይ ሲቆም ወንበሩ ላይ ትንሽ ይሰማችኋል። አንድ ዘመዴ ከባለ አራት ወደ ባለ ሦስት ተቀይሮ ለሦስት ወር ያህል መካኒክ ሲያመላልስ ከርሟል፤ መኪናው ምንም አልነበረውም። መለያው የምቱ አኳኋን ነው። እኩል፣ የማይቆራረጥ መንዘፍዘፍ የሞተሩ ጠባይ ነው። «ድድድድ… ድብ… ድድድ… ድብ» እያለ የሚስት ከሆነ ሕመም ነው።

መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?

መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ቀን ስጡት። ስልካችሁ ላይ ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ነበር ወይስ ሞቆ፣ ኤሲ በርቶ ነበር ወይ፣ ማርሹ ምን ላይ ነበር። መካኒክ ጋ ብትሄዱ እንኳ «ይንቀጠቀጣል» ብሎ ቁልፍ ከመስጠት ይህ ማስታወሻ ይበልጣል።

ጠዋት ብቻ አስቸግሮ ሲሞቅ የሚስተካከል ከሆነ ያረጀ ካንዴላ ወይም ካርቦን የያዘ ትሮትል (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነው ክዳን) ጠርጥሩ። ነገር ግን ጠዋት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ክፉኛ ከተንቀጠቀጠ፣ ወፍራም ነጭ ጭስ ካወጣና የራዲያተር ውሃው በየሳምንቱ ከጎደለ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋስኬት ሊሆን ይችላል። ይህ የቤት ሥራ አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ባለሙያ ውሰዱት። የአዲስ አበባ ማለዳ ብርድ ላይ ከጭስ ማውጫው የምታዩት ቀጭን እንፋሎት ግን እንዲሁ ውሃ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ ሞተሩ ሞቆ እያለ በፍጹም አትክፈቱ።

ከሞቀ በኋላ ብቻ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ኮይል ነው። ሲሞቅ የሚደክም ኮይል ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ይሠራል፤ ጋራዥ ስታደርሱት «ምንም የለውም» የሚያስብላችሁም እሱ ነው።

ኤሲ ስታበሩ ወይም መሪ ስታዞሩ ዙሩ ወርዶ ሊጠፋ የሚል ከሆነ ትሮትሉ ጋ ሂዱ። ዲ ላይ ፍሬን ይዛችሁ ስትቆሙ ብቻ ነዝሮ፣ ኤን ስታደርጉት የሚተው ከሆነ የሞተር ሱፖርት (ሞተሩን የሚይዘው የጎማ ትራስ) ነው የምጠረጥረው። ቆሞም ሆነ ወደ እንጦጦ ዳገት ሲወጣ የሚቆራረጥ ከሆነ ካንዴላና ኮይል።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ጠይቁ፦ ከመጀመሩ በፊት መኪናው ላይ ምን ተነካ? ሰርቪስ ከተደረገ፣ ሞተሩ ከታጠበ፣ ባትሪ ከተቀየረ ወይም ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ከጀመረ መልሱ እዚያው ነው ያለው። እኔ ይህን አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ ስንቱን ብር አተርፍ ነበር።

የሞተር መብራቷ

ዳሽቦርድ ላይ ያለችው የሞተር ምልክት ያለማቋረጥ ከበራች ኮምፒውተሩ የጻፈው ስህተት አለ ማለት ነው። ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ማስመርመር ትችላላችሁ። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሌላ ነገር ነው። ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ ነው። እዚያ ያለው ጭስ አጣሪ፣ ካታላይዘር፣ እንዲህ ሲግል ይቀልጣል፤ ዋጋው ደግሞ ከካንዴላ ጋር አይወዳደርም። ነዳጅ መስጫውን ልቀቁ፣ ጥግ ያዙ።

ኮዱን በማሽን ስታስነብቡ ቁጥሩን ራሱን ጠይቁና ጻፉት። ፒ0300 ማለት ሲሊንደሮቹ በዘፈቀደ እየሳቱ ነው። ፒ0301 አንደኛው፣ ፒ0302 ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፒ0171 ከሆነ አየር በዝቷል ወይም ነዳጅ አንሷል ማለት ነው፤ ያኔ በቀጥታ ወደ ቱቦዎቹ ሂዱ። ኮድ የሚናገረው የት እንዳመመው ነው። ምን እንደሚቀየር አይናገርም። ፒ0302 አይቶ «ኮይል ግዛ» የሚል ሰው እየገመተ ነው።

ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኘው ርካሽ ማንበቢያ ጥሩ ነገር ናት። ሆኖም ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ ቪትዞችን ላታነብ ትችላለች። ሶኬቱ ቢገጥምም ቋንቋው አይገጥምም። እንዲህ ከሆነ ቶዮታ የሚያውቅ ማሽን ያለው ጋራዥ ፈልጉ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

የ10 መፍቻ ከነማራዘሚያው፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የስልክ መብራትና የውሃ መርጫ ጠርሙስ ይበቃል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ የካንዴላው መፍቻ ብዙ ጊዜ 16 ሚሊሜትር ነው። ለትሮትሉ የሚሆን ማጽጃ ስፕሬይ ከመለዋወጫ ሱቅ ይገኛል።

ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ማርሹን ፒ ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገቡ። በር የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ፤ ጭሱ ይገድላል። ነጠላ፣ ስካርፍ፣ ሰፊ እጅጌ ቺንጊያው አጠገብ አይድረስ። ሲጋራም ይጥፋ።

1. ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ያዟቸው

ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ። ከአየር ማጣሪያው ቤት ወደ ሞተሩ የሚገባውን ወፍራም የጎማ ቱቦ አግኙ። እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ነው። እጥፋቶቹን በእጃችሁ ከፈት ከፈት እያደረጋችሁ ውስጣቸውን እዩ። ስንጥቁ የሚደበቀው እዚያ ነው፤ ላይ ላዩን ሲያዩት ምንም አይመስልም። በሁለቱም ጫፍ ያለው ማሰሪያ መጥበቁን በካቻቢቴ አረጋግጡ።

ከዚያ ወደ ቀጫጭኖቹ። ከሞተሩ አናት ላይ የዘይት ትነት የምትወስደው፣ ወደ ፍሬን ማገዣው የምትሄደው ወፍራሟ፣ ሌሎቹም። እያንዳንዷን በጣታችሁ ጫን አድርጉ። ከደረቀች፣ ጫፏ ላይ ከተሰነጠቀች ወይም ላላ ካለች ያዛችኋት። የዘይት ክዳኑ በደንብ መዘጋቱንና የዘይት መለኪያ ዘንጉ እስከ መጨረሻው መግባቱን አትርሱ። አንዳንድ ሞተር በዚያ ቀዳዳ እንኳ አየር ገብቶበት ሚኒሞው ይበላሻል።

አሁን ሞተሩን አስነሱና አዳምጡ። አየር የሚስብ ስንጥቅ ፉጨት አለው። ካልተሰማችሁ በጠርሙሱ ውሃ በቱቦዎቹ መጋጠሚያና የአየር ማስገቢያው ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ በጥቂቱ ርጩ። አንድ ቦታ ላይ ስትረጩ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው። ብዙ መካኒክ ይህንኑ በካርቡራተር ማጽጃ ወይም በቤንዚን ያደርገዋል። እኔ አልመክርም። ሞተሩ ግሏል፣ ብልጭታ አለ፣ ውሃ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ኮይሎቹና የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹ ላይ ብቻ አትርጩ።

2. አየር ማጣሪያው

አውጡት፣ ወደ ፀሐይ አዙራችሁ እዩት። ብርሃን ካላሳለፈ ቀይሩት። ኮረኮንች መንገድ ላይ የምትነዱ ከሆነ የመኪናው መጽሐፍ ከሚለው ኪሎሜትር በፊት ይሞላል። በኮምፕሬሰር ማስነፋት ለጊዜው ያስታግሣል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ ግን አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል። ሲመለስ ክዳኑ ዙሪያውን መቆለፉን አረጋግጡ። ሌላ የምለው የለኝም።

3. የትኛው ሲሊንደር ነው የተኛው?

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ጊዜ ስጡት።

በእነዚህ መኪኖች ላይ በየካንዴላው አናት ላይ አንድ አንድ ኮይል አለ፤ የድሮ መካኒኮች ቦቢና ይሉታል። እያንዳንዱ የራሱ ሶኬት አለው። ሞተሩን አጥፉ። የአንደኛውን ኮይል ሶኬት ንቀሉ። አስነሱ፣ ለአምስት ሰከንድ አዳምጡ፣ አጥፉ፣ ሶኬቱን መልሱ። ወደ ሁለተኛው። ሞተሩ እየሠራ በእጃችሁ አትንቀሉ፤ ኮይሉ የሚያወጣው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ረጅም ጊዜም አታስኪዱት፤ ያ ሲሊንደር የማያቃጥለው ቤንዚን ወደ ካታላይዘሩ ነው የሚሄደው። ሲጨርሱ የሞተር መብራቷ ብትበራ አይግረማችሁ፤ ሶኬት ነቅላችሁ ነበርና።

ትርጉሙ እንዲህ ነው። ሶኬቱን ስትነቅሉ ሞተሩ ከበፊቱ የባሰ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ካልመጣ ተገኘ፤ ድሮም አይሠራም ነበር። «መኪናህ በሦስት ነው የሚሄደው» የሚባለው ይኸው ነው። ባለ ሦስት ሲሊንደር ከሆነ ደግሞ አንዱ ሲነቀል በሁለት ስለሚቀር መኪናው እንደ ወፍጮ ቤት ቢናወጥ አትፍሩ።

የተኛው ሁለተኛው ነው እንበል። አሁን መግዛት አያስፈልግም፤ ማዘዋወር ነው። የሁለተኛውን ኮይል በ10 መፍቻ ፈትታችሁ ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ። ፈተናውን ድገሙት። ሕመሙ ወደ ሦስተኛው ከሄደ ኮይሉ ነው፤ እሱን ብቻ ግዙ። ሁለተኛው ላይ ከቀረ ኮይሉ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ ካንዴላውን አቀያይሩ። ካንዴላው ተቀይሮም እዚያው ሁለተኛው ላይ ከቀረ ወይ ነዳጅ እየደረሰው አይደለም፣ ወይ መጭመቂያው (አየርና ነዳጁን የሚጨምቅበት አቅም) ደክሟል። ሁለት ነገር በአንዴ ግን አታዘዋውሩ። ቢሻለውም ቢብሰውም የቱ እንደሆነ አታውቁም።

ካንዴላ ስታወጡ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አቧራ አስቀድማችሁ አስነፉት፤ አለዚያ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል። ጉድጓዱ ዘይት ካዘለ የላይኛው ክዳን ጋስኬት አርጅቷል። ዘይቱ የኮይሉን ጎማ እያበላሸ ብልጭታው በጎን እንዲያመልጥ ያደርጋል። ጋስኬቱን ሳትቀይሩ አዲስ ኮይል ብታስገቡ ያው ጣጣ ይመለሳል።

ያወጣችኋቸውን በቅደም ተከተላቸው ጨርቅ ላይ ደርድሯቸው። ጫፉ ቀለል ያለ ቡና ዓይነት ወይም ግራጫ ከሆነ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ወይም ብልጭታው መድከሙን ያሳያል፤ ሞተሩ ሳይሞቅ አጭር አጭር መንገድ የሚነዱም ያዩታል። ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት እርጥብ ከሆነ አላቃጠለም። ጫፉ በዘይት ከረጠበ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ሆኖ ነጠብጣብ ካወጣ ግሏል፤ አየር በዝቶበት ሊሆን ይችላል። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆኑ ምክንያቱ የጋራ ነው። አንዱ ብቻ ከተለየ ግን በሱ ላይ አተኩሩ።

ጫፉ ኢሪዲየም ከሚባል ብረት የተሠራ ካንዴላ ካላችሁ በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፣ ክፍተቱንም ለማስተካከል አትሞክሩ። የመሐል ጫፉ እንደ መርፌ ቀጭን ነው። አዲስ ስትገዙ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ 1.1 ሚሊሜትር ሆኖ ይመጣል። ፎርጅዱ ግን ገበያውን ሞልቶታል። የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ስትሄዱ አሮጌውን በእጃችሁ ያዙና ጎን ለጎን አስተያዩ፦ ጽሑፉ፣ የብረቱ አጨራረስ፣ የጫፉ ቅጥነት። ከልክ ያለፈ ርካሽ ከሆነ ነገሩ ተነግሯችኋል።

ስትመልሱ መጀመሪያ በጣት ብቻ አዙሩ። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላሸ የካንዴላ ዋጋ ወደ ቴስታታ ዋጋ ይለወጣል። በእጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ አዲሱን ግማሽ ዙር ያህል አጥብቁት። የቆየውን ግን ትንሽ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል።

4. ትሮትሉን ማጽዳት

ሚኒሞው የሚወርድ፣ የሚወጣ፣ ኤሲ ሲበራ የሚጠፋ መኪና ብዙ ጊዜ እዚህ ይድናል። ወፍራሙን የአየር ቱቦ ከሞተሩ በኩል አውጡት። ውስጡ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ የብረት ክዳን ታያላችሁ። ጠርዙ ዙሪያ ጥቁር ቀለበት ከሠራ ሞተሩ ቆሞ የሚተነፍስባት ጠባብ ክፍተት ተደፍናለች።

ስፕሬዩን ጨርቅ ላይ ነፍታችሁ ጠርዙንና ዙሪያውን ጥረጉ። በቀጥታ ወደ ውስጥ አታጥለቅልቁት። ክዳኑ በኬብል የሚንቀሳቀስ ከሆነ (የመጀመሪያው ቪትዝ ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው) በእጅ መክፈት ትችላላችሁ። በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ቁልፉን አውጡ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ፣ ክዳኑንም በኃይል አትግፉት። ቁልፉ በርቶ ሳለ ጣት የሚያስገባ ሰው ጣቱን ሊያስነክስ ይችላል።

አንዳንዱ ሞተር የአየር ማጣሪያው ቤት ላይ የአየር መለኪያ ሴንሰር አለው። ለሱ የራሱ ማጽጃ አለ። በትሮትል ማጽጃ አትርጩት፣ በጨርቅም አትንኩት።

ካጸዳችሁ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ሊል ወይም ሊንገዳገድ ይችላል። ባትሪ ሲቀየርም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ቆሻሻውን ለምዶ ነበር፤ አሁን አዲሱን መማር አለበት። ኔጋቲቩን አስር ደቂቃ ነቅላችሁ መልሱ። ኤሲ፣ መብራት፣ ሬዲዮ ሁሉ ጠፍቶ አስነሱ። ነዳጅ መስጫውን ሳትነኩ እስኪሞቅ፣ ከዚያም አስር ደቂቃ ያህል ተዉት። ቀጥሎ ኤሲ አብርታችሁ አምስት ደቂቃ። አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬን ረግጣችሁ ዲ ላይ ትንሽ አቆዩት። ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጋ ጥቂት ቀን መንዳት ሊፈልግ ይችላል። እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት ትሮትል ባጸዳሁ ማግስት ሚኒሞው ከፍ ብሎ «አበላሸሁት» ብዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

5. ነዳጁ

ሰልፍ በበዛበት ሰሞን በጀሪካን ቤንዚን ያልገዛ ማን አለ? ችግሩ ጀሪካኑ ትናንት ምን ይዞ እንደነበር አለመታወቁ ነው። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታንክ ሥር ይቀመጣል፤ ፓምፑም የሚስበው ከሥር ነው። መንቀጥቀጡ ነዳጅ በሞላችሁ ማግስት ከጀመረ ካንዴላ አትፍቱ። ታንኩን ማስቀዳትና ማሳጠብ ነው። ከታንኩ የተቀዳውን በብርጭቆ አስቀምጡት፤ ውሃ ካለው ከታች ለብቻው ተለይቶ ይታያል።

በማዘዋወሩ ፈተና አንድ ሲሊንደር ላይ የቀረ ሕመም ካለ ነዳጁን የሚረጨው ኢንጀክተር ሊሆን ይችላል። ወጥቶ ማሽን ላይ የሚታጠብበት ቦታ ውሰዱት። ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ሲረጭ እዩ፤ ጤነኛው እንደ ጉም ይበተናል፣ የተደፈነው እንደ ቧንቧ ይንጠባጠባል። ታንክ ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ለቀላል ቆሻሻ ይረዳል፤ የተደፈነ ኢንጀክተር ላይ ግን ተአምር አትጠብቁ።

6. የሞተር ሱፖርት

ሞተሩ ደህና ሆኖ መኪናው ብቻ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ አለ። ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያያዙት የጎማ ትራሶች ሲቀደዱ የተለመደው ትንሽ ንዝረት በሙሉ ወደ ወንበሩ ይመጣል። መፈተኛው ቀላል ነው። አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ፍሬኑን በደንብ ይርገጥ። ኮፈኑ ተከፍቶ፣ እናንተ ከጎን ቆማችሁ እዩ። ከፊት ለፊት ወይም ከኋላ ማንም አይቁም። ውስጥ ያለው ሰው ከኤን ወደ ዲ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ማርሽ ይቀያይር። ሞተሩ ትንሽ መወዛወዙ የተለመደ ነው። ብድግ ብሎ ዷ ካለ ሱፖርቱ ሄዷል። ባለ ሦስት ሲሊንደር ላይ ይህ ጎማ ሲያረጅ በጣም ይሰማል። ያገለገለ ሱፖርት አትግዙ፤ ጎማው እንደ እናንተው ሱፖርት ጎማ ያረጀ ነው።

7. «ሞተር ይውረድ» ከመባሉ በፊት

ሁሉም ተፈትሾ አንድ ሲሊንደር አሁንም ከተኛ የመጭመቂያ ግፊት ይለካል። ይህን መካኒክ ያድርገው፣ እናንተ ግን አጠገቡ ቁሙና የእያንዳንዱን ሲሊንደር ቁጥር በወረቀት ጻፉ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው የሳበውን አየር ነው፤ ሲጀመር ትንሽ ከሳበ ሲጨመቅም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ለምሳሌ 1ኤንዜድ ለሚባለው ባለ 1,500 ሲሲ ሞተር መጽሐፉ በስኩዌር ሴንቲሜትር 15 ኪሎ ይላል፣ ዝቅተኛው ደግሞ 11። እዚህ አዲስ አበባ ፍጹም ጤነኛ ሞተር እንኳ 11 አካባቢ ሊያነብ ይችላል። ያንን አይቶ «ሞተሩ አልቋል» የሚል ሰው ሊያጋጥማችሁ ይችላል። መጽሐፉን ትታችሁ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው አወዳድሩ። 11፣ 11፣ 10.5፣ 11 ከሆነ ደህና ነው። 11፣ 11፣ 6፣ 11 ከሆነ ሦስተኛው በእርግጥ ታሟል።

ያኔ መካኒኩ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና ይለካ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበቶቹ ናቸው። ካልተንቀሳቀሰ ቫልቮቹ ወይም ጋስኬቱ ነው። የቴስታታ ሥራ ብቻ ይበቃ እንደሆን ወይም ሙሉው ሞተር ይወርድ እንደሆን የምትነጋገሩት ይህን ካያችሁ በኋላ ነው።

ሥራው አልቆ እንደሆነ ለማየት

ሃያ ደቂቃ ንዱት። ከዚያ አቁሙት፣ ኤሲና መብራት አብሩ፣ ፍሬን ይዛችሁ ዲ ላይ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ግማሽ ውሃ ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጡ። የውሃው ፊት በስሱ ከተንቀጠቀጠ ምንም አይደለም። እየቆየ እየቆየ ዘለል የሚል ከሆነ ወደ ቁጥር 3 ተመለሱ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ቀዝቅዞ ሳለ አንዴ አስነሱና አዳምጡ።

የተቀየረውን ዕቃ፣ ቀኑንና ኪሎሜትሩን ጻፉ። ደህና ሆኖ ሳለ የወጣ ኮይል ካላችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ትርፍ ጎማው አጠገብ ክተቱት። ክፍለ ሀገር ስትሄዱ መንገድ ላይ አንዱ ቢከዳችሁ አስር ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ የ10 መፍቻውን ካልረሳችሁ።